ጫጉላው ወይስ ጨዋታው?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ቴክሳስ፣ ከዳላስ ከተማ ነው። ጸሐፊዋ የዚህ ዓምድ የድሮ ደንበኛ ነኝ ትላለች። እዚህ ሳለች ጋዜጣዋን እየገዛች፣ ገንዘብ ሲያጥራት ደግሞ ከጎረቤት እየተዋሰች ታነብ ነበር። አሁን እህቷ ገጹን በስልክ ፎቶ እያነሳች ትልክላታለች። እንደ ልማዳችን ስሟን ትተን ነገሩን እነሆ ብለናል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ባለቤቴን ያገባሁት የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሠርጋችን የሚያኮራ ነበር፤ ጫጉላችን ግን ሦስት ቀን አልሞላም። ሁለት ሌሊት ቢሾፍቱ አድረን ወደ ሥራው ለመመለስ አውሮፕላን ተሳፈረ። ሲለየኝ 'የጫጉላሽ ዕዳ አለብኝ፣ አሜሪካ እከፍልሻለሁ' አለኝ። እኔ እዚህ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። በዓመት ያለችኝ ፈቃድ አምስት ቀን ናት።

በቀደም ከሥራ ስገባ 'ተዘጋጂ! በመስከረም ኮሎራዶ ተራራ ልወስድሽ ነው፣ ጫጉላችን!' አለኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ በስልክ እልል አለች። ከሳምንት በኋላ ጓደኛው ቤታችን መጥቶ 'እኔ ነኝ የምነዳው፣ አንቺ ከኋላ መሐል ላይ ትቀመጫለሽ' ሲለኝ ደነገጥኩ። የምን መንዳት? ስል ለካ ባለቤቴ የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ቅዳሜ ዕለት ቦልደር የምትባል ከተማ ሄዶ ይጫወታል! ቲኬቱ የተገዛው ለእኔ ስለ ተራራው ከመነገሩ ከአንድ ወር በፊት ነው። ሦስት ጓደኞቹም አብረውን ይሄዳሉ፤ ሁለቱ በሠርጋችን ዕለት ሚዜዎቹ ነበሩ። እንዴት ነው ነገሩ? ሚዜ እስከ ስንት ዓመት ነው የሚከተለው?

ስጠይቀው 'ምን አለበት? ተራራው እንደሆነ እዚያው ነው፣ አይሄድብሽ' ብሎ ሳቀ። እኔ ኳሱ አንድም ነገር አይገባኝም። አልሄድም ብዬ ልቅር ወይስ ዝም ብዬ ከኋላ መሐል ላይ ልቀመጥ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ፤ ሚዜዎቹ ጋ ሲደርስ ማን አይስቅም? በሁለተኛው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ከዓመት ዓመት አምስት ቀን ብቻ ያላት ሰው፣ እነሱኑ ቀን ሰው ሳይጠይቃት ለኳስ ሲመደቡባት ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ያለው አንባቢ «የተማሪ ኳስ ለማየት 1,300 ኪሎ ሜትር?» ማለቱ አይቀርም። የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ግን የእኛ የትምህርት ቤቶች ውድድር እንዳይመስላችሁ። ከ100,000 ሰው በላይ የሚይዙ የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች አሉ፤ ሁለቱ እዚያው ቴክሳስ ናቸው። ሰው ከተመረቀ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም የተማረበትን ቡድን ማሊያ አያወልቅም። አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት 12 ጊዜ ይጫወታል፤ ግማሽ ያህሉን ከሜዳው ውጪ ነው። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከቴክሳስ ቡድኖች ጋር አንድ ውድድር ውስጥ ተመልሶ የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ያም ሆኖ አንዱ የቴክሳስ ቡድን በየዓመቱ ቦልደር አይደርሰውም። ስለዚህ ባልሽ «ይህ ዕድል አያምልጠኝ» ቢል አልፈርድበትም። አዲስ አበባም አርሴናል በተሸነፈ ቁጥር እራት የማይበላ ባል ስንት አለ!

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ለሚስቱ የገባውን የጫጉላ ዕዳ በኳስ ቲኬት ከፍሎ ደረሰኙ ላይ «ተራራ» ብሎ ጻፈበት። ቲኬቱን ገዝቶ አንድ ወር ሙሉ ደበቀ፤ አንቺ ለእናትሽ ደውለሽ እልል ስታሰኚ እያየ ዝም አለ። «እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ፣ ተራራውም ቅርብ ነው፣ አብረን ብንሄድስ?» ቢልሽ ኖሮ ምናልባት እሺ ትይው ነበር። እሱም ያውቀዋል፣ ግን ፈራ። እና ስታናግሪው ስለ ኳሱ አንድ ቃል እንዳትናገሪ! ኳሱን ከነካሽበት ነገሩ ወዲያው «ደስታዬን ልትነጥቂኝ» ይሆናል፣ ጓደኞቹም ይሰለፉልሻል። «ኳሱን እይ፣ እኔም አብሬህ አያለሁ። የከፋኝ ለእኔ ብለህ ያላሰብከውን ለእኔ እንዳሰብክ አድርገህ መንገርህ ነው» በይውና ዝም በይ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ አንቺ አትስበሪው፤ እሱ ይስበረው።

አልሄድም ብለሽ መቅረትን እኔ አልመክርም። ብትቀሪ እሱ መሄዱ አይቀርም፣ ቲኬቱ ተገዝቷላ! አንቺ ዳላስ ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ታያለሽ፣ ዕዳውም «እሷ እምቢ አለች» ተብሎ ይሰረዛል። ሂጂ። ግን በዚያ መኪና አይደለም፤ በዚያ ቅደም ተከተልም አይደለም።

ኮሎራዶን እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርበት ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ የሚኖር የሰፈሬን ልጅ ግን ግማሽ ሌሊት በስልክ ሳደርቀው አመሸሁ። እሱ እንደሚለው ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፦ ዓርብ ማታ ይገባል፣ ቅዳሜ ኳሱን ያያል፣ እሑድ ጠዋት «ተራራውን እንይ» ብሎ ይነሳል። ቅዳሜ ደግሞ የማን እንደሆነች አትታወቅም። የጨዋታውን ሰዓት የሚወስኑት ቴሌቪዥኖቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከ12 ቀን በፊት ነው፣ አንዳንዴም 6 ቀን ሲቀረው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሊጀመር ይችላል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎም ሊጀመር ይችላል። ጨዋታው በወረቀት 60 ደቂቃ ነው ቢባልም ከነመቆራረጡ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ማታ ከሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ትወጣላችሁ። እሑድ ጠዋት ያንን እንቅልፉን ያልጠገበ ባል ቀስቅሰሽ ተራራ ልታወጪ ነው?

ደግሞ ቢሸነፉስ? ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2024 የቴክሳሱ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እዚያው ቦልደር ላይ 31 ለ24 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ 2 ሰኮንድ ቀርቶት ነበር። ኮሎራዶዎች በመጨረሻው ውርወራ አገቡና አቻ ሆኑ፤ በጭማሪው 38 ለ31 አሸነፉ። የቤይለሩ ልጅ በጭማሪው ኳሷን የጣላት መስመሩ አፋፍ ላይ ደርሶ ነው። ከቴክሳስ ድረስ የሄዱት ደጋፊዎች ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ እግዜር ይወቅ። እንዲህ ያለ ሌሊት ያደረ ባል ይዞ ጫጉላ መሄድ ማለት ለቅሶ ቤት ሙዚቃ መክፈት ነው።

ስለዚህ ተራራው ይቅደም፣ ጨዋታው ይከተል። የእኔ ምክር ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ፈቃድሽን ከማክሰኞ ሌሊት እስከ ሐሙስ ሌሊት ሦስት ቀን ጠይቂ፤ ለዓርብ ሌሊት አንድ ቀን ጨምሪ። አራት ሆነ፤ አንዷ ለክፉ ቀን ትቀመጥ። ማክሰኞ ማታ ሁለታችሁ ብቻ በአውሮፕላን ሂዱ፤ ከዳላስ ዴንቨር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጓደኞቹ ዓርብ በመኪናቸው ይምጡ። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሰዓት መንዳታቸው ነው፤ ይንዱ! መኪና ውስጥ መሐል ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ይፈልጉ። የአውሮፕላኑ ገንዘብ ይበዛል ካለሽ፣ በሥራ ቀን ሆቴል ከቅዳሜና እሑድ እንደሚረክስ አስታውሺው። ቦልደር ደግሞ ጨዋታ ባለ ጊዜ የሆቴል ዋጋዋ አይቀመስም፤ ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ ክፍል የለም የሚሉም አሉ። ዓርብና ቅዳሜ ዴንቨር ወይም ኦሮራ እደሩ። ከዴንቨር ቦልደር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ የሕዝብ አውቶቡስም አለ። ኦሮራ ካደራችሁ ደግሞ እንጀራ አታጡም።

ማክሰኞ ሌሊት ዴንቨር አካባቢ እደሩ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳላስ ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር ገደማ ናት፤ ዴንቨር 1,600። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ 1,600 ሜትር ምን ያደርገኛል?» እንዳትይ። ሰውነት ከፍታ ላይ ያዳበረውን ልምድ ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል፤ አንቺ ከወረድሽ ዓመት አልፎሻል። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ አርፈሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ፣ በማግስቱ ወጣ በይ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ከፍታው ነው፤ ዕረፍት አድርጊ፣ ወደ ላይ አትቀጥይ። እየባሰ ከሄደ መውረድ ነው። ቁጭ ባልሽበት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ግን ወዲያው ወርደሽ ሐኪም ጋ ነው። ባልሽም ቢራውን የመጀመሪያው ቀን ቢተወው ይሻለዋል፤ የኳሱ ዕለት ካቆመበት ይቀጥላል።

ረቡዕ ጠዋት መኪና ተከራይታችሁ ኤስተስ ፓርክ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ውጡ። ከቦልደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የሚገርመው ምን መሰለሽ? አሜሪካኖቹ «ተራራ ወጣን» ብለው ፎቶ የሚነሱባት ይህች ከተማ ከፍታዋ 2,293 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ! ሁለት ሌሊት እዚያ እደሩ። ሮኪ ማውንቴን የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የተከለለው ማለት ነው፣ በሩ ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ነው። በቅርብ ዓመታት ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ በመኪና ለመግባት ሰዓት ተቆርጦ አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ ግድ ሆኗል። አብዛኛው ቦታ የሚለቀቀው ከአንድ ወር በፊት ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ በዋዜማው ምሽት ይለቀቃል። ይህን ለባልሽ አትተዪለት። ቲኬት መግዛት ላይ ጎበዝ መሆኑን አይተናል፣ ግን የትኛውን ቲኬት እንደሚያስቀድምም አይተናል።

መስከረም አጋማሽ እዚያ ምን እንዳለ ልንገርሽ። አስፐን የሚባል ግንደ ነጭ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ በዚያው ሰሞን በሙሉ ቢጫ ይሆናል። እኛ ሜዳውን አደይ አበባ ለበሰ የምንልበት ሳምንት እዚያ ተራራው ወርቅ ይለብሳል። የሰፈሬ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ሲያየው መኪናውን አቁሞ ለእናቱ እንደደወለ ነግሮኛል፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብሎኝ ነበር፣ ይቅርታውን ይጠይቅልኝ ጋዜጣው! ድብ ሐይቅ ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ቤር ሌክ የሚባል ቦታ አለ፤ 2,880 ሜትር ላይ ነው፣ ዙሪያውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእግር ትዞሪዋለሽ። ረቡዕ ለዚህ ይብቃችሁ።

ሐሙስ ትሬይል ሪጅ የሚባለውን መንገድ ውጡ። አስፋልቱ 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ እንጦጦ ከታች ይቀራል። ከዛፍ በላይ ነው፣ ነፋሱ ያንገበግባል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ጃኬትም የፀሐይ ቅባትም ያዢ። ይህ መንገድ ጥቅምት ላይ በበረዶ ተዘግቶ እስከ ግንቦት አይከፈትም፤ በመስከረምም በረዶ ከጣለ ለጊዜው ሊዘጋ ይችላልና ጠዋት ጠይቃችሁ ውጡ። እላይ ብዙ አትሩጡ፣ አይታችሁ ውረዱ።

አመሻሹን ደግሞ ወደ ሜዳው ተመለሱ። ኤልክ የሚባሉት ትላልቅ አጋዘኖች የሚጋቡበት ወቅት ነው። ወንዱ ሴቶቹን ሰብስቦ ሌላ ወንድ እንዳይጠጋ ይጮሃል፤ ጩኸቱ እንደ ፉጨት ቀጭን ነው፣ ከዚያ ትልቅ አካል ይወጣል ብለሽ አትገምቺም። ከ23 ሜትር በላይ መቅረብ ክልክል ነው፣ ይዋጋሉ። መንገድ ዳር መኪናችሁን አቁማችሁ፣ ብርድ ልብስ ደርባችሁ ስሙት። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ለጫጉላ ደግሞ ብርድ ጠላት አይደለም።

ዓርብ ረፋዱን ውረዱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባልሽ የጓደኞቹ ነው፣ አትከራከሪ።

ቅዳሜ የእሱ ቀን ነው፣ ሙሉዋን ስጪው። ስልክሽን እየነካካሽ፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልሽ ከምትቀመጪ ሆቴል ብትቀሪ ይሻላል። ጨዋታው እንዲገባሽ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ኳሷ እንደ እንቁላል ሹል ናት፤ በየወገኑ 11 ሰው ነው። ኳስ የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደፊት ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሷ ለሌላው ነች። መጨረሻው መስመር ድረስ ይዟት ከገባ 6 ነጥብ፣ ከዚያ በእግር በምሰሶዎቹ መሐል ካሳለፋት 1 ይጨመራል። ሩቅ ሆኖ ሲያቅተው በቀጥታ በእግር ካገባት 3። በቃ። ሰው ከሰው ላይ ሲከመር አትጩኺ፣ ሥራቸው ነው።

ስታዲየሙ እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተ ነው፤ 50,000 ሰው ገደማ ይይዛል። ከመቀመጫሽ ሆነሽ ተራራው ይታያል፣ ኳሱ ቢሰለችሽ እንኳ ዓይንሽ የሚያርፍበት አታጪም። ጨዋታው ሳይጀመር ራልፊ የምትባል እውነተኛ የአሜሪካ ጎሽ፣ ሴት ናት፣ በገመድ የያዟትን ሯጮች እየጎተተች ሜዳውን ታቋርጣለች፤ ይህ ልማድ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው። እሷን ለማየት ሲባል ቀድማችሁ ግቡ። ቲኬቱን ጠይቂው፣ ከእናንተው ቡድን ደጋፊዎች ጋር ነው ወይስ ከባለ ሜዳዎቹ መሐል? ከባለ ሜዳዎቹ መሐል ከሆነ ማሊያውን ይልበስ፣ አፉን ግን ይሰብስብ። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሺ፦ የሠርግሽን ቦርሳ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቦርሳ ካልሆነ በር ላይ ሊመልሱሽ ይችላሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳማችሁም፣ ተኛችሁም፣ የመመለሻውን አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። የጨዋታው ሰዓት ገና ስላልታወቀ ለቅዳሜ ማታ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ካለ ገንዘቡን እንደጣለ ይቁጠረው።

ለሚዜዎቹ ነገር መልስ ያልሰጠሁ እንዳይመስልሽ። እነሱን ራስሽ አታባርሪያቸው፤ ክፉ ሚስት ተብለሽ ዳላስ ሙሉ ትወራለሽ። ባልሽ ነው የሚነግራቸው፦ «እኛ ማክሰኞ እንሄዳለን፣ እናንተ ዓርብ ትደርሱብናላችሁ።» ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለጓደኞቹ መናገር ካቃተው፣ ችግራችሁ ከኮሎራዶም ከኳስም የሰፋ ነውና እንደገና ጻፊልኝ፤ ያኔ ሌላ ነገር እናወራለን። ከተናገረ ደግሞ ተመልሰሽ ውጤቱን ላኪልኝ። የጨዋታውን አይደለም፣ እሱን ከኢንተርኔት አየዋለሁ።